ነባር ሕመም ያለበት ሰው ጤና መድህን ውስጥ መግባት ይችላል ወይ? ከወሎ ልጆች የመጡ መልሶች

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የመድረኩ ወገኖች። እናቴ የምትኖረው ተሁለደሬ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ያለ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ሁለቱም ከተገኙባት ቆይተዋል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤታችን ከአንድ የግል ኢንሹራንስ ጋር የሕክምና ውል ስላለው እሷን ማስገባት እችል እንደሆነ ብጠይቅ፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም ተባልኩ። እሷ የምትታከመው ደግሞ ያንኑ የነበረውን ነው። ፊቴን በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ ወደሚታከሙበት ወደ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሳዞር ጎረቤቶቿ በሽታዋ ከታወቀ እንደማይመዘግቧት፣ ዝም ብላ ጤነኛ ነኝ ብትል እንደሚሻላት ነግረው አስፈራርተዋታል። አንድ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ጭራሽ የሐኪም ወረቀት አምጪ ብሏታል። እውነቱ ምንድን ነው? የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ይታቀፋል ወይስ አይታቀፍም? መደበቅስ ያስፈልጋል?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። መልሱ ካሰብኩት በላይ በዛ፤ መሐል ላይ ጭቅጭቅም ገባበት። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ይጠቅም ብዬ በየቁጥሩ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ያልተስማማኝንም ሳልናገር አላልፍም።

መልስ 1። የደሴ ልጅ ነው፤ አሳጥሮ ነው የጻፈው። ስለበሽታዋ የሚጠይቃት የለም፣ ትመዝገብ አለኝ። የሚጠየቀው የቀበሌ ነዋሪነት፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ፎቶና የዓመቱ መዋጮ ነው። የእሱም አባት አስም እያለባቸው ተመዝግበው በዚያው ዓመት በደብተሩ ታክመዋል። አብሽሪ ብሎ ተሰናበተ። ያን ቀን እንቅልፍ የሰጠኝ ይህ መልስ ነው።

መልስ 2። ከሐይቅ የጻፈች እህት የመጀመሪያውን አረመችው። መሠረቱ ልክ ቢሆንም አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሰው ለብቻው ተነጥሎ አይመዘገብም፣ የሚመዘገበው ቤተሰቡ ነው። እናቴ ከወንድሜ ጋር የምትኖር ከሆነ በእሱ ቤተሰብ ላይ ተጨማሪ አባል ሆና ትገባለች፣ ለተጨማሪ ሰውም ተጨማሪ መዋጮ አለው። የራሷ ጎጆ ካላት እማወራ ተብላ በራሷ ስም ትመዘገባለች። የሐኪም ወረቀት አምጪ ያላትን ሰውዬ በሚመለከት ደግሞ መመሪያውን እንዲያሳያት ትጠይቀው፣ ካላሳያት ወደ ወረዳው ጤና መድህን ማስተባበሪያ ትሂድ ብላለች።

መልስ 3። ስለጊዜው ነው። ምዝገባውና እድሳቱ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚያገኝበት ወቅት፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚካሄደው፤ ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። የጻፈው ሰው የአምባሰል፣ የውጫሌ ነው። አጎቱ በየካቲት አደርሳለሁ ሲሉ አልፏቸው ክረምት ላይ ግፊታቸው ተነሥቶ ሆስፒታል ሲተኙ ሁሉንም ከኪሳቸው እንደከፈሉ፣ አንድ በሬም እንደተሸጠ አስታውሷል።

መልስ 4። ቃናው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው በየዓመቱ መዋጮውን ከፍሎ አንድ ቀን እንኳ ታክሞ እንደማያውቅ፣ ስኳርና ግፊት ይዘው የሚመጡት ግን በየወሩ መድኃኒት እየወሰዱ የጤነኛውን ገንዘብ እንደሚጨርሱ ጻፈ። ጤነኛ ሳሉ ሲለመኑ እምቢ ብለው ከታመሙ በኋላ የሚሮጡትን ብልጣብልጥ ብሏቸዋል። እናቴ እንደነዚህ መሆኗን በምን አወቀ? ስኳሩ ሲገኝባት ቀበሌዋ ውስጥ ስለ መድህን የነገራት ሰው አልነበረም። ንግግሩ ውስጤን ነክቶታል፤ ቢሆንም ያነሣው ነገር እውነትነት ስላለው ተከታትዬዋለሁ።

መልስ 5 እና 6። ሁለት ወጣቶች በስድብ መለሱለት። ያሉትን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

መልስ 7። ከኩታበር፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉ አባት ናቸው። እርጋታቸው ሁሉንም አረጋጋ። ጉዳዩን በቅሬ፣ ማለትም በሌላው አገር እድር በሚባለው፣ ነው ያስረዱት። ቅሬ አባል ሲቀበል የትኛው ቤት ውስጥ የታመመ ሽማግሌ እንዳለ አይመረምርም፤ የደከመ አባት ያለውም ጉልበታም ልጆች ያሉትም እኩል ያዋጣሉ፣ አስከሬን ለሁሉም ይወጣል። ነገር ግን ሞት በወደቀበት ዕለት መጥቶ ጻፉኝ የሚል ሰው በየትም አገር ቅሬ ቦታ የለውም። ስለዚህ የ4 ቁጥሩ ልጅ ስለሩጫው የተናገረው ልክ ነው፣ ስለበሽተኛው የተናገረው ግን ልክ አይደለም ብለው ፈረዱ። ልጄ ብለውት፣ ጤነኛ ሆኖ ዓመቱን መጨረሱ የከፈለው ገንዘብ ኪሳራ አለመሆኑን እንዲያስብ መከሩት። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ።

መልስ 8። ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳርና የግፊት ክትትል ላይ የምትሠራ ነርስ ናት። አባባ በቅሬ የገለጹትን እሷ በአሠራሩ አስረዳችው። መድህኑ ማንንም ስለቀድሞ ሕመሙ የማይጠይቀው ሌላ መከላከያ ስላበጀ ነው። አንደኛው በቤተሰብ መመዝገቡ ነው፤ የታመመችዋ እናት ብቻዋን ሳትሆን ጤነኛው ልጅም ሚስቱም ይገባሉ። ሌላው ምዝገባው በዓመት አንድ ወቅት ብቻ መሆኑ ነው፤ ሰው ሲያመው ብቻ ተነሥቶ መግባት አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ የሚመዘገበው በሽተኛ ብቻ ይሆንና ሣጥኑ በጥቂት ወራት ይደርቃል። መደበቅ ስለተባለው ደግሞ ጠንከር ብላ ጻፈች፤ ሕመሙን የደበቀ ሰው የክትትል ካርድ አይወጣለትም፣ ካርድ የሌለው ሰው ወርሃዊ መድኃኒቱን አያገኝም። ስለዚህ ጎረቤቶቿ የመከሯት ምክር ሊጎዳት ይችላል። በዚህ በኩል ጥያቄዬ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል።

ነርሷ ስለ ሪፈርም አልረሳችም። አባል መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። መንገዱን ዘልሎ ሆስፒታል የገባ ሰው መድህኑ ገና በሙከራ ላይ በነበረበት ዘመን የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ወደ ደሴ ቀጥታ የሚጓዙ የስኳር ታማሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚከስሩት በዚህ ስለሆነ እናቴ መጀመሪያ በአቅራቢያዋ ካርድ ታውጣ አለችኝ።

መልስ 9። ሙከራው ሲባል የተሁለደሬ ሰው ዝም አይልም። ማህበረሰብ አቀፉ መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ይህ ወንድም ያኔ ቤት ለቤት ከዞሩት አንዱ ነው። ሰዉ ያኔ ይፈራ የነበረው በሽተኛ አትገባም መባልን አይደለም፤ ገንዘቡ ተበልቶ ይቀራል ብሎ ነበር የሚፈራው። ጎረቤት ታክሞ ሲመለስ ሲያዩ ግን በሁለተኛው ዓመት ራሳቸው መጡ። አሁን በዚያው ወረዳ ሕመምሽን ደብቂ የሚል ወሬ መነሣቱ እንዳሳዘነው ጽፏል። እኔንም አሳዝኖኛል፤ ቀድሞ የጀመረ ወረዳ ቀድሞ ያወቀ መሆን ነበረበት።

መልስ 10። ስለግሉ ኢንሹራንስ የሕግ ትምህርት ያለው የደሴ ሰው ነው የጻፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ኢንሹራንስ የሚገባው ሰው የሚያውቀውን አደጋ ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል፤ ዓረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ሲከፍል ኖሮ የሕክምናው ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም። ስለዚህ በግሉ መደበቅ አደጋ ነው፣ በማህበረሰብ አቀፉ ደግሞ ከንቱ ነው ብሎ ለሁለቱም ቋጨው። ለግል ድርጅት ተቀጥረው ለሚሠሩ አንድ ምክር ጨምሯል፤ መሥሪያ ቤታቸው በጅምላ ውል ሲገባ ነባር ሕመምን በሚመለከት ያለው አንቀጽ ለድርድር ክፍት ስለሆነ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ለእኛ ፋብሪካ የሠራተኛ ማህበር አድርሼዋለሁ።

መልስ 11። አንድ መምህር ስለመንግሥት ሠራተኛው አነሣ። የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 እና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ደንግገው ለዓመታት ሳይተገበሩ መቆየታቸውን ጽፎ፣ ደመወዝና የኑሮ ውድነት ወደሚባለው ሰፊ ሜዳ ገባ። ብዙ ሰው ተከተለው። እኔ ግን ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

መልስ 12። የመርሳ ሰው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ልጁ በ14 ዓመቷ የመርፌ ስኳር ተገኘባት። መድህን አላቸው፣ እድሳት አሳልፈው አያውቁም፣ ካርዷም አለ። ነገር ግን ከፋርማሲው መስኮት ኢንሱሊን የለም፣ ከውጭ ግዙ ይባላሉ። አባትየው ገንዘብ ተበድሮ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ወረቀትና ደረሰኝ ይዞ ተመላሽ ሲጠይቅ አንድ ጊዜ ተከፍሎታል፤ ሌላ ጊዜ ማኅተሙ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ደግሞ በጀት አልቋል ተብሏል። ያለ ኢንሱሊን መቆየት የማትችል ልጅ ናት። የጤና ተቋሙን ስም አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጥያቄ የበለጠ ነው፤ ነባር ሕመም ያለበት ሰው በመዝገብ ከታቀፈ በኋላ በመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ካልታቀፈ፣ ከግሉ ኢንሹራንስ በምን ተለየ?

መልስ 13። የ4 ቁጥሩ ሰው ተመልሶ መጣ። ጨካኝ በሆነ አነጋገር፣ በሽተኛው ስለበዛ መድኃኒቱ እንዳለቀ፣ እሱ አስቀድሞ ብሎት እንደነበር ጻፈ። የሕፃን ልጅ ነገር ተጽፎ ሳለ ከሥሩ እንዲህ መጻፍ ነውር ነው። ይህንኑ በዚያው ነግሬዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

መልስ 14። ነርሷ ናት፤ በዚህ ጊዜ በትዕግሥት። መደርደሪያው ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት ከውስጥ ሆና ስላስረዳችን ረዘም አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ጤና ተቋሙ አባሉን መጀመሪያ ያክማል፣ ሂሳቡን ወደ ወረዳው መድህን የሚልከው በኋላ ነው። ለመድኃኒት መግዣ የያዘው ገንዘብ ተዘዋዋሪ ነው፤ የሸጠው ተመልሶ ካልገባ ቀጣዩን መግዛት አይችልም። መድህኑ ክፍያውን ሲያዘገይ ተቋሙ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ደርሶ የሚፈልገውን ያህል አያነሣም፤ ቅርንጫፉ ራሱ ሳይኖረው የሚቀርበት ጊዜም አለ። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው በየወሩ የሚመጣው የክትትል ታካሚ ነው። ለጉንፋን የመጣ ሰው አንድ ቀን ቢያጣ ይድናል፤ የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ ታካሚ ግን መቋረጥ የለበትም። መዋጮው አነስተኛ ሆኖ ሲቆይ የመድኃኒት ዋጋ ደግሞ እየናረ ነው። ስለዚህ በሽተኛ በዛ ማለት መልስ አይሆንም ብላለች፤ ክፍያው በወቅቱ ከደረሰ፣ የክትትል መድኃኒቶችም አስቀድመው በዝርዝር ከተጠየቁ፣ ባለው ገንዘብም ብዙ ይሠራል።

እኔ ከዚህ ውይይት የያዝኩት ዋና ነገር ይህ ነው። የግሉ ውል እናቴን በወረቀት ነው ያስወጣት፤ አትሸፈኝም ብሎ በግልጽ። የእኛው መድህን በወረቀት ያስገባታል፣ መደርደሪያው ባዶ በሆነ ወር ግን ሳይናገር ያስወጣታል። ሁላችንም ስለምዝገባ ስንጨነቅ ስለመስኮቱ አልጠየቅንም።

መልስ 15። ስለጦርነቱ ጊዜ ያስታወሰ ሰው መጣ። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ እስከ ህዳር መጨረሻ ድረስ፣ የክትትል ሰው ሁሉ መድኃኒት አጥቶ ነበር። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። እናቱ የግፊት መድኃኒቷን ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለለች ስትወስድ ቆይታ አንድ ጎኗን እንዳጣች ጽፏል። አላህ ያሽራት። ከሥሩ ብዙዎች የየቤታቸውን ጻፉ፤ ፖለቲካ ሊገባበት ሲል አስተዳዳሪው መስመር አስያዘው።

መልስ 16፣ 17 እና 18። ወሬው ከዚህ በኋላ ወደ ኢንሱሊን አቀማመጥ ሄደ። ከባቲ የጻፈች ሴት በዚያ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ምን ላድርግ አለች። ከሐርቡ አንድ ሰው አባቱ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ መሐሉን በአሸዋ ሞልተው አሸዋውን በየቀኑ ውኃ እያጠጡ ጥላ ሥር እንደሚያኖሩት ነገራት። ነርሷ ደገፈችው፤ የተከፈተው ብልቃጥ ከፀሐይና ከከባድ ሙቀት ከተጠበቀ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል፣ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን አይወሰድም፣ ስለዚህ በረዶ ቤት ውስጥ አይግባ። ጾም ተነሣ፣ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም። ሁለቱም ሃይማኖት በሽተኛን እንደማያስገድድ ከሁለቱም ወገን የጻፉ ነበሩ፤ ነርሷ ደግሞ መጾም የሚፈልግ ሰው መጠኑን በራሱ እንዳይቀንስ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ክትትል ክፍሉን እንዲያማክር አስጠነቀቀች። እናቴ ባለፈው ረመዳን ለማንም ሳትናገር ጾማ ስለነበር ይህን አንብቤ ነግሬያታለሁ።

መልስ 19። አንድ አባት ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ በቀበሌው ስለሚነውር እስካሁን እንዳላስመዘገበው ጻፈ። ይህን ያህል ሰው ስለነባር ሕመሙ ሲያወራ ሲያይ ድፍረት አገኘ። ነርሷ መድኃኒቱ ውድ እንዳልሆነ፣ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ብዙ ልጆች መውደቅ አቁመው እንደሚማሩ ነገረችው። በዚያው አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ቢመዘገብ ይታወቅበት እንደሆነ ጠየቀ። ምዝገባው ስለማንኛውም ሕመም አይጠይቅም፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና የቲቢ ሕክምና ደግሞ ለአባልም አባል ላልሆነም በነፃ ነው ተባለ።

መልስ 20። መክፈል የማይችል ድሃ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ቀበሌው ለይቶ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል ተባለ። ምርጫው ትክክል ነው አይደለም በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ በማስረጃ ስላልሆነ አልፌዋለሁ።

መልስ 21። የ4 ቁጥሩ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ አሁን ረጋ ብሎ። እድሳቱን እንደሚያደርግ፣ ነገር ግን የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ከፍ ያለ መዋጮ ይክፈል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጥቂት ሰዎች ደገፉት። እኔ አልደግፍም። በሽታን እያዩ ዋጋ መተመን የግሉን ውል በሌላ በር ማስገባት ነው፤ ድሃ ባለስኳር ገበሬ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። መዋጮው ማደግ ካለበት ለሁሉም፣ በአቅም ደረጃ ይደግ።

መልስ 22። የሐይቋ እህት መልሳ ጻፈች። አባላት የሚወከሉበት ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ እዚያ የሚቀርበውን ሪፖርት ግን ሰው አጨብጭቦ ይለያያል። በዚህ ዓመት ከእድሳቱ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ አለች፤ ለጤና ተቋማቱ ያልተከፈለ ሂሳብ ስንት ወር እንደቆየ፣ ኢንሱሊንና የግፊት መድኃኒት ስንት ወር እንደጠፋ፣ በማኅተም ወረቀት ተመላሽ የጠየቁ ሰዎች ስንቶቹ እንደተከፈላቸው። የመርሳው አባት በሌላ ወረዳ ቢሆንም በራሱ ጉባኤ ይህንኑ እንደሚያነሣ አረጋገጠ። አባባም ከኩታበር እሳቸው ባይችሉ የልጅ ልጃቸው እንደሚቀርብ አስጻፉ።

ስለዚህ የተሁለደሬ፣ የአምባሰል፣ የቃሉ፣ የኩታበርና የሐብሩ ሰዎች፣ ከዚህ ውይይት ሥር የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደጠፋባችሁ ጻፉልን። የታካሚ ስም አያስፈልግም፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ወሩና ወረዳው ይበቃል። ከጉባኤው በፊት ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ለየወረዳው ወኪል እልካለሁ።